አባቴ ሲቀበር እኔ ችግኝ እተክል ነበር

ያን ቀን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። እናቴ ታውቅ ነበር፣ አጎቴ ያውቁ ነበር፣ መሥሪያ ቤታችን ስልክ የምታነሳው ልጅ ታውቅ ነበር፣ አጠገቤ ቆሞ አፈር የሚያገላብጠው ሩቤን ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ታሪኩን ያኔ ለእኔ በገባኝ ቅደም ተከተል አላወራችሁም። ኋላ የሰማሁትን በየቦታው እያስገባሁ እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ እወቁ። ሰው ሁሉ እያወቀ አንዲት ሴት ብቻዋን እየሳቀች ስትሠራ እዩልኝ።

ፈንታነሽ እባላለሁ። አባቴ ፈንቴ ይለኝ ነበር። ከጎንደር በልጅነቴ ከቤተ እስራኤል ወገኖቼ ጋር ወደ እስራኤል መጥቼ ያደግሁት ፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ ራማት ቬርበር ሰፈር ነው። ያን ጊዜ ኪርያት ማታሎን በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መሀል ባለች አንዲት ትንሽ ድርጅት ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራ ነበር። የምንሠራው ለአፈር የሚሆን ጄል ነው። የጭማቂ ፋብሪካ የሚጥለውን የብርቱካን ልጣጭ አጥበን፣ አድርቀን፣ ከሌላ የተክል ቃጫ ጋር አዋህደን እንደ ቅንጬ የተከካ ነገር እናወጣለን። ደረቁን ሲያዩት ምንም አይመስልም። ውሃ ሲያገኝ ግን እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ይወፍርና ይዝለገለጋል፤ ውሃውን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል። ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ችግኝ ሥር ከተደረገ ዝናቡ ካለፈም በኋላ ሥሩ ከዚያ እየጠባ ይሰነብታል። በገበያ የሚሸጠው ሌላው ዓይነት ከነዳጅ የሚሠራ ስለሆነ አፈር ውስጥ ለዘመናት ይቀራል። የእኛን ግን መሬቱ ውሎ አድሮ ራሱ ይበላዋል። በዚህ እንኮራ ነበር።

አባቴ ገበሬ ነበር። የሰው መሬት በእኩል እያረሰ የኖረ፣ እዚህ ከመጣ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሥር የቆመ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ በረንዳውን በቃሪያ፣ በጤና አዳምና በበሶብላ ሞላው። ጄሉን ባመጣሁለት ሰሞን "ቁንጥር ነው የሚበቃው" ብዬው ነበር። እሱ ግን በልጁ ሥራ ላይ መሰሰት አልሆነለትም፤ በእፍኝ በእፍኝ ጨመረበት። ውሃ ባጠጣ ማግስት አፈሩ ተነፍቶ ከየባልዲው አፍ ወጣ፤ ቃሪያዎቹ ሥራቸው ታየ፣ ሁሉም በአንድ በኩል ጋደሉ። ደውሎ ጠራኝ።

"ፈንቴ፣ ነይና እይ! ውሃ ጠጥቶ የሚሰክር አፈር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም!"

ኩላሊቱ የደከመው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ የሚጠጣውን ውሃ ለኩበት፤ እግሩ ግን አበጠ። በጣቱ እግሩን ተጭኖ የሚቀረውን ጎድጓዳ እያሳየኝ "ይኸው፣ ያንቺን ቅንጬ የበላሁ እኔ ነኝ" ይለኛል። ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ጥሙ ሲጠናበት የተፈቀደለት አንድ ነገር ነበር፤ ሕፃናት የሚልሱት በእንጨት የተሰካ የሎሚ በረዶ። እሱን ሲልስ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ እዚህ አገር ብርዱም ዝናቡም አብረው በሚመጡበት ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ሽሚታ፣ መሬት የምታርፍበት ዓመት ነበርና የእኛ ሙከራ ተከላው እስኪፈቀድ ቆሞ ነበር። በደቡብ በኩል፣ በረሃው በሚጀምርበት አንድ ኮረብታ ላይ ግማሹን ከጄል ጋር፣ ግማሹን ያለ ጄል፣ ግራርና ካሮብ የሚባል ድርቅ የሚችል ዛፍ ልንተክል ነው። ድርጅቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ሙከራ ይመስለን ነበር። ዝናቡ ጣለና "ነገ" ተባለ። አባቴ ሆስፒታል ተኝቷል። ከሥራ ወጥቼ ስጠይቀው እንደማልሄድ ልነግረው ነበር።

"ሌላ ሰው ይሂድ፤ እኔ እቀራለሁ" አልኩት።

"ለምን?"

"አንተን እዚህ ትቼ?"

"እኔ የት እሄዳለሁ? የማይጠብቀው ዝናብ ነው። መሬቱ ሳይደርቅ ሂጂና ትከይ። ስትመለሺ ስንቱን እንዳጠጣሽ ትነግሪኛለሽ።"

"ነገ ማታ እመጣለሁ እንግዲህ።"

"በረዶዬን ይዘሽ ነይ" አለኝ።

ከአባቴ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

በማግስቱ በጠዋት ከሩቤን ጋር ወጣን። ሩቤን የመስክ ሥራችን ኃላፊ ነው፤ ኪቡጽ፣ ሁሉ በጋራ በሚታረስበት መንደር ያደገ፣ ስድሳን የተሻገረ፣ እጁ እንደ ዶማ እጀታ የጠነከረ ሰው። ንግግራችን በዕብራይስጥ ነው፤ ለእናንተ በአማርኛ ላስቀምጠው። አባቴ ያረፈው እኛ ገና መንገድ ላይ ሳለን ነው። እናቴ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰችለት ሳለ ትንፋሹ ቆመ። እኔ በዚያች ሰዓት ለሩቤን የአባቴን የሰከረ ቃሪያ እያወራሁለት ነበር፤ ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

ኮረብታው ላይ ስንደርስ ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱን ጀምረውታል። የእኔ ሥራ ጄሉን በርሜል ውስጥ መዘፍዘፍ፣ እስኪያብጥ መጠበቅ፣ ከዚያ ለየጉድጓዱ መጥኖ ከአፈር ጋር መቀላቀል፣ የችግኙንም ሥር በጄሉ ነክሮ መስጠት ነው። በርሜሎቹን ከሞላሁ በኋላ ወደ እናቴ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት አባ ተገኘ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

"አባ ተገኘ? እንዴት አደሩ? እማዬስ?"

"እግዜር ይመስገን። ከሮፌው ጋር እያወራች ነው።"

"አባዬ እንዴት አደረ?"



"በሰደር ነው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

"የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል።"

"ጠያቂ ነው ልጄ። ያላ፣ መስመሩም ይቆራረጣል።"

አባ ተገኘ ሐኪምን ሮፌ፣ ደህናን በሰደር፣ በይ እንግዲህን ያላ እያሉ ዕብራይስጥ የሚቀላቅሉት ሲጨንቃቸው ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ልብ አላልኩትም።

እዚህ ላይ ስለ መርዶ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ባለሐዘኑ ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል፣ የሚደግፉት ሰዎች ግራና ቀኝ ይሆናሉ፣ ውሃ ይቀርባል፤ ከዚያ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ እየሳቀ ያዋራዋል። ተደበቅሁ ብሎ የሚቀየም የለም፤ ክብር ነውና። ጎንደር ሳለን ሩቅ አገር ያለ ሰው የወላጁን ሞት ወራት አልፎት ይሰማ ነበር። እዚህ አገር ግን ሬሳ አያድርም። ሆስፒታሉ እንደጨረሰ ቀብሩ ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

አባ ተገኘ ያሰቡት እንዲህ ነው። ሳልሰማ ወደ ቤት ልምጣ፣ በደንቡ ይነገረኝ፣ ከዚያ አብረን ወደ መቃብር እንሂድ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ልጃቸው አሸር መሥሪያ ቤታችን ደወለ፣ የሩቤንን ስልክ ተቀበለ።

ሩቤን ስልኩን ይዞ ከመኪናው ጀርባ ሲሄድ አይቼዋለሁ። የተባባሉትን የነገረኝ ኋላ፣ ለሐዘኑ ሲመጣ ነው።

"የፈንታነሽ የአጎቷ ልጅ ነኝ" አለው አሸር። "አባቷ አርፏል። እባክህ አትንገራት፤ ወደ ቤት ብቻ አምጣልን።"

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"ዛሬ፣ ከሰዓት።"

"ታዲያ ምን ብዬ ላምጣት?"

አሸር አባቱን ጠየቀ። አባ ተገኘ "እንደ ምንም ብሎ ያምጣት" አሉ። "ብቻ ከአፉ አንዳች እንዳይወጣ ቃል ይግባልኝ። መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም።"

ሩቤን ቃል ገባ። የሰው ልማድ ማክበር ማለት ይህ መሰለው። ተመልሶ አጠገቤ ቆመ።

"ፈንታነሽ፣ እንሂድ።"

"ወዴት?"

"ወደ ቤት። ለዛሬ ይበቃል።"

ሳቅሁ። እጄ እስከ ክርኔ ጄል ውስጥ ነው። ችግኞቹ ከየመያዣቸው ወጥተው፣ ሥራቸው እርቃኑን፣ በእርጥብ ጆንያ ላይ ተደርድረዋል፤ ነፋሱም ይነፍሳል።

"ትቀልዳለህ? ጄሉ ማበጡ ገና አሁን ነው።"

"ሠራተኞቹ ይጨርሱታል።"

"መጠኑን ማን ይነግራቸዋል? በእፍኝ ቢጨምሩት እንደ አባቴ ቃሪያ ተነቅሎ ይወጣል።"

ይህን ስል እየሳቅሁ ነበር። ሩቤን ፊቱን ወደ ኮረብታው አዞረ።

"ይበላሽ" አለ።

"ይበላሽ? ይህን ያህል ጠብቀን? አንተ ነህ እንዲህ የምትለው?"

"እለምንሻለሁ።"

"ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?"

ይህ ቃል መውጫ ሆነለት። "አዎ" አለ። "አሞኛል። መሄድ አለብኝ።"

"እንግዲያው መኪናው ውስጥ ጋደም በል። እነዚህን መስመሮች ልጨርስና እኔ እነዳለሁ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ አበው። እኔ ያን ቀን ያቺ ሴት ነበርኩ፤ ብብቴ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ማንም አልነገረኝም። ቢነገረኝ ያን ሁሉ ችግኝ ለነፋስ ጥዬ በእግሬ እሮጥ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃኝ። ሩቤን ያን ቃል አፉ ውስጥ ይዞ ቆመ፣ ቆመና ወደ መኪናው አልሄደም። አካፋ አነሳ። ጎንበስ ብሎ አብሮኝ መትከል ጀመረ። ከቆፋሪዎቹ ሁሉ ፈጠነ፤ የአንዱን ችግኝ አፈር አጥብቆ ሳይረግጥ ወደ ሌላው ይሮጣል፣ ላቡ በብርድ ይንጠባጠባል።

"ለታመመ ሰው ጎበዝ ነህ!" አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ሥራው ቶሎ ካላለቀ እኔን ከዚያ የሚያነሳኝ ነገር እንደሌለ ገብቶታል። እኔ ደግሞ ሥራ ወድዶ መሰለኝና ደስ አለኝ። አባቴን ሳገኘው ስለዚህ ሰው አካፋ አነሳስ እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ስለ አፈሩም እነግረዋለሁ፤ ላዩ ቀላ ያለ፣ ሥሩ ገና ርጥብ እንደነበረ። ለአባቴ የምነግረውን እያጠራቀምኩ ነበር የምተክለው።

ስንጨርስ ሩቤን ዕቃ እንኳ ሳይሰበስብ ሞተሩን አስነሳ። መንገዱ መጀመሪያ ክፍት ነበር፤ ወደ መሀል አገር ስንቃረብ መኪናው ተከማችቶ ቆመ። ስልኩ ይጮኻል፣ ያጠፋዋል፤ ይጮኻል፣ ያጠፋዋል። የሚደውለው አሸር ነበር። መቃብር ላይ ቀባሪዎቹን "ትንሽ ጠብቁን፣ ልጁ እየመጣች ነው" እያለ ይለምናቸዋል። ትንሽ ጠብቀውለታል። ግን ከኋላ ሌላ ቀብር አለ፤ የክረምት ቀን ደግሞ ቶሎ ይመሻል።

ነዳጅ ማደያ ጋ ስንደርስ ትዝ አለኝ።

"ሩቤን፣ ባክህ እዚህ ጋ ቁምልኝ። ለአባዬ በረዶ ቃል ገብቻለሁ።"

መሪውን ጨበጠ። "ፔታሕ ቲክቫ ብንገዛስ?"

"ሆስፒታሉ አጠገብ የሎሚውን አያመጡም። አንዲት ደቂቃ።"

ቆመ። ኋላ ሲነግረኝ፣ በሩን ዘግቼ ስወርድ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ነበር። ውስጥ ያለው ሻጭ "በዚህ ብርድ በረዶ?" ብሎ ቀለደብኝ። "ለአባቴ ነው" አልኩት በኩራት። አሸር ኋላ ሰዓቱን ሲያስበው፣ አባቴን ወደ ጉድጓዱ ያወረዱት በዚያው አካባቢ ነው።

ፔታሕ ቲክቫ ገባን። ወደ ሆስፒታሉ በሚታጠፍበት ጋ ሩቤን ሳይታጠፍ አለፈ።

"ሆስፒታሉ እኮ በዚያ ነው።"

"ወደ ቤት አምጣት ብለውኛል።"

"ማን?"

"ቤተሰቦችሽ።"

ለጥቂት ጊዜ አሰብኩና ብርሃን በራልኝ። "ወጣ! አባዬ ከሆስፒታል ወጣ! ጠዋትም ሰው የበዛው ለዚህ ነው! አንተ ደግሞ ስትጣደፍ የዋልከው እኔን ልታስደስተኝ ነው፤ ታመምኩ እያልክ!"

እያጋነንኩ አይደለም፤ አንገቱን አቅፌ ጉንጩን ሳምኩት። እየነዳ ነበር። ጉንጩ ርሶ ነበር። በደስታ የሚያለቅስ ሰው መሰለኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይቆማል፤ ከዚያ ቀን ሁሉ እንደዚህች ደቂቃ የሚያቃጥለኝ የለም።

ከሕንጻው በር ላይ መኪናው ሳይቆም ወረድኩ። ደረጃው ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው ቆመዋል። ለእንግዳ ነው አልኩ በልቤ፤ አባዬን ለመጠየቅ ሰው ይመጣል። በረዶውን ይዤ ደረጃውን ስጀምር አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ላሪሳ በሯን ከፈተች። ከሩሲያ የመጣች አሮጊት ናት፤ አባቴ በሶብላ ይሰጣት ነበር፣ እሷ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ትመልስለት ነበር። ጭቃ የነካ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

"በሐዘንሽ ተካፋይ ነኝ" አለችኝ፤ እዚህ አገር ሰው ሁሉ እንደሚለው። "ጥሩ ሰው ነበር።"

"ማን?"

"አባትሽ፣ ውዴ።"

ከዚያ ፊቴን አየች፤ አለማወቄን አወቀች። እጇን ከእጄ አንስታ አፏ ላይ ጫነችው። ሽማግሌዎቹ ሁሉን አሰናድተው ነበር። ቃሉን የሚናገረውን፣ እጄን የሚይዘውን፣ ውሃ የምታቀርበውን ሴት መርጠው ላይ ይጠብቁኛል። ላሪሳን ግን ማንም አላሰባት። መርዶዬን የሰማሁት ደረጃ ላይ፣ ቆሜ፣ ብቻዬን ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በራችን ላይ ከመቃብር የተመለሰ ሰው እጁን የሚታጠብበት ማሰሮ ተቀምጧል፤ ወለሉ ገና ርጥብ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሞት ገባኝ። ሳሎን የነበሩት ሁሉ ተነሱ። እናቴ ፍራሽ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች።

አባ ተገኘ ወደ እኔ መጡ። "ተቀመጪ ልጄ፤ መጀመሪያ ተቀመጪ" አሉኝ።

"ቀበራችሁት?"

"ተቀመጪ..."

"አባ ተገኘ፣ ቀበራችሁት ወይ?"

"አልጠብቅ አሉን" አሉ።  "ለመንናቸው። ቀኑ መሸብን።"

"ስልክ አልነበራችሁም? ጠዋት እኮ አነጋግሬዎታለሁ! በሰደር ነው አሉኝ!"

 እናቴ እጇን ዘርግታ "ጠበቅንሽ፣ ፈንታዬ፤ ጠበቅንሽ" እያለች ትጮኻለች። ወለሉ ላይ ወደቅሁ። አሸር ከእጄ በረዶውን ወሰደ። ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ዞር ዞር አለና ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተተው። ሰባቱ የሐዘን ቀናት ካለፉ በኋላ እናቴ አገኘችው፤ ሳትጠይቀኝ መታጠቢያው ውስጥ አስቀምጣ እስኪቀልጥ ቆማ አየችው።

በሐዘኑ ሰሞን ሩቤን መጣ። ትንሿ በርጩማ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጦ ሁሉን ነገረኝ፤ ቃሉን፣ አካፋውን፣ ማደያውን። "ልማዳችሁን የማፈርስ መስሎኝ ፈራሁ" አለኝ። በእሱ ላይ ቂም አልያዝኩም። በአባ ተገኘ ላይ ግን ያዝኩ። ሰላምታቸውን አልመልስም ነበር፤ በእኛ ቤት ይህ ትልቅ ነውር ነው። ማንም አልገሠጸኝም።

በመጨረሻው ቀን ሰው ሲሳሳ ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ወደዚህ አገር ለመምጣት በእግር ወደ ሱዳን ስንወርድ" አሉ፣ "አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ከኋላ ከሚመጡት ጋር ነበረች። እናቷ ሞተች። ደብቄ ከምጓዝ እውነቱን ልንገራት ብዬ እዚያው መንገድ ላይ ነገርኳት። ተቀመጠች። ተነሺ ብንላት፣ ብንለምናት፣ ብንጎትታት አልተነሳችም። ሰዉ መሄድ ነበረበት፤ እሷ እዚያው ቀረች። የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ፈንታነሽ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላለ ሰው ክፉ ቃል አልነገርኩም።"



"አባ ተገኘ፣ እኔ እኮ በመኪና ነበርኩ" አልኳቸው።

"መንገድ መንገድ ነው ልጄ" አሉኝ።

ሁለታችንም አለቀስን። ይቅር አልኳቸው ማለት አልችልም፤ ያኔ አልቻልኩም። ሰላምታቸውን ግን መመለስ ጀመርኩ።

ችግኞቹስ ምን ሆኑ ትሉ ይሆናል። ያ ክረምት እዚያ ኮረብታ ላይ ዝናቡ ደጋግሞ ጣለ። በዓመቱ ሄደን ስናይ ጄል ያለውም ጄል የሌለውም እኩል አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ሙከራው ምንም አላሳየም፤ ለማወቅ ደረቅ ዓመት ያስፈልግ ነበር። አባቴን ያልቀበርኩበት ሥራ፣ ባልሠራውም ያው ነበር። ሩቤን በመስመሮቹ መሀል እየሄደ መጠን ይለካል፤ እኔ አንዲት ካሮብ ሥር ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ። ዛፎቹ ምን በደሉ? ግን ያን ቀን ጠላኋቸው።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ልማዳችንን ለመሳደብ አይደለም ይህን የጻፍኩት። መርዶን እንዲያ ያሰናዱት አባቶች ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ብለው ነው። ልማዱ ግን የተሠራው ለሩቅ መንገድ ነው፤ ቢነገረው ለማይደርስ ሰው። እኔ እደርስ ነበር። አሁን በዚህ አገር ስንት ልጅ ከአባቱ ቀብር የአንድ መኪና መንገድ ርቆ ቆሞ "በሰደር ነው" እየተባለ ይሆን? ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ በደህናው ጊዜ፤ "እንዲህ ቢሆን መቼ ልንገርህ?" በሏቸው። የእኔ ልጆች መልሴን ያውቃሉ። የትም ብሆን፣ ምንም እየሠራሁ ቢሆን፣ ወዲያው።

እኔን የለወጠኝ ይህ ነው፤ ነጋሪ ሆንኩ። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሰዎች ወደ እኔ መደወል ጀመሩ። "ፈንታነሽ፣ ልጁ ሠራዊት ውስጥ ነው፣ ሩቅ ነው፤ እኛ አፋችን እንቢ አለን፤ አንቺ ንገሪው" ይሉኛል። ቤተ ሙከራውን ለቅቄ ውጪ እወጣና እደውላለሁ። መጀመሪያ የት እንዳለ፣ አጠገቡ ሰው እንዳለ እጠይቃለሁ። ቁጭ በል እላለሁ። ከዚያ ሳልጠማዘዝ እናገራለሁ፤ ቀብሩ መቼ እንደሆነም እነግራለሁ። ስልኩን አልዘጋም። በሌላው ጫፍ የሚመጣውን ጩኸት እስኪያልቅ እሰማለሁ። አባ ተገኘ ምን እንደፈሩ የገባኝ በዚያ ጩኸት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሳቸውም አረፉ። ኔቬ ኦዝ ሰፈር፣ ቤታቸው ውስጥ፣ በጠዋት። አሸር አውቶቡስ ይነዳል፤ ተሳፋሪ ጭኖ ሩቅ መስመር ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ያዩኛል። አንዳቸውም ንገሪው አላሉኝም፤ አንዳቸውም ተዪው አላሉኝም። መጨረሻው ጣቢያ እስኪደርስና ተሳፋሪውን እስኪያወርድ ጠበቅሁ። ከዚያ ደወልኩ።

"አሸር፣ ሞተሩን አጥፋ።"

"አጥፍቻለሁ። ምን ሆነ?"

ነገርኩት። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ሲጮኽ ሰማሁት። እስኪበቃው ድረስ በመስመሩ ላይ ቆየሁለት። ዛሬም በዚያ ጣቢያ ማለፍ ይከብደኛል ይለኛል፤ እኔም አልከራከረውም።

ቀብሩ ላይ ግን ደረሰ። አባቱን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። አፈሩን ማልበስ ሲጀመር የመጀመሪያውን እሱ ጨመረ። ከዚያ እዚህ አገር እንደሚደረገው አካፋውን ከእጅ ወደ እጅ ሳያቀብል ክምሩ ላይ ሰካው። የሚቀጥሉት ወንዶች ወደፊት ተራመዱ። አሸር እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው፤ ሴቶቹ ወደቆምንበት ዞረ።

"ፈንታ፣ ነይ።"

ሴት አፈር ስታለብስ በእኛ ልማድ የለም። ከኋላዬ አንድ ሰው አጉረመረመ። ቀብሩን የሚያስፈጽሙት የማኅበራችን ቄስ ግን አልከለከሉኝም።

ሄጄ አካፋውን ነቀልኩት። የመጀመሪያውን ለአባ ተገኘ ጨመርኩ። ከዚያ መልሼ መሰካት ነበረብኝ። አልሰካሁትም። ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ማንም ከእጄ አልወሰደብኝም።